ጥንታዊው የመጠመቂያ ድንጋይ በአገራችን
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በ12ኛ ክፍል ተማሪ የቀረበ ንግግር)






በምሥረታው በዓል ቀን ከመጨረሻው ክፍል አንድ ተማሪ ቆሞ እንዲናገር መደረጉ በትምህርት ቤታችን የቆየ ልማድ ነው። ዘንድሮ ዕጣው ለእኔ ደረሰኝ። ከእኔ በፊት በዚህ ቦታ የቆሙት ስለ ትምህርት ጥቅም፥ ስለ ትጋትና ስለ አገር ፍቅር መልካም አድርገው ስለ ተናገሩ፥ የእነርሱን ቃል መድገም አላስፈለገኝም። እኔ የምናገረው ስለ አንድ ድንጋይ ነው። ይኸውም ሰው ክርስትና ሲነሣ ውሃው የሚቀመጥበት ድንጋይ ነው። ግዕዙ ምጥማቅ ይለዋል፤ መጠመቂያ ማለት ነው። ታሪኩን ስናገር የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮጳ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

ለመሆኑ የአምቦ ልጅ ስለ መጠመቂያ ድንጋይ ምን አገባው የሚል አይጠፋም። ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ እስከ ስምንተኛ ክፍል ድረስ የተማርኩት በሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው። በዚያ በጸሎት ቤቱ ውስጥ፥ ከበሩ ገባ እንዳሉ በስተግራ፥ ከወገብ በላይ ከፍ ብሎ የቆመ የተጠረበ ድንጋይ ነበር። አናቱ እንደ ገበቴ ተፈልፍሏል፤ ከላይ የእንጨት ክዳን አለው፤ ክዳኑም በትንሽ ብረት ይቆለፋል። ድንጋዩ እዚሁ አጠገባችን ከሚወጣው ከአምቦ ድንጋይ የተሠራ ነበር። በመጻሕፍት ቤቱም ደግሞ ይህን የመሰሉ ድንጋዮች ሥዕል የሞላበት አንድ ትልቅ መጽሐፍ ነበረ። የእንግሊዝ አገር አለ፤ የስዊድን አለ፤ የዴንማርክ አለ፤ የቤልጅክም አለ። የኢትዮጵያ ግን አንድም አልነበረበትም።

ይህ ነገር በልቤ ውስጥ ጥያቄ ሆኖ ቀረ። አገራችን ክርስትናን የተቀበለችው በንጉሥ ኢዛና ዘመን፥ በ4ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ዴንማርክ የተቀበለችው በ10ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ስድስት መቶ ዓመት የቀደመ ክርስቲያን አገር የመጠመቂያ ድንጋይ ሳይኖረው እንዴት ይቀራል? ወይስ አለ፤ እኛ ማየት አልቻልንም?

መልሱን ከመናገሬ በፊት ከፈረንጆቹ ድንጋዮች አንዱን ላሳያችሁ፤ እውነቱን ለመናገር እጅግ የሚያስደንቅ ሥራ ነውና። በባልቲክ ባሕር ላይ ቦርንሆልም የምትባል የዴንማርክ ደሴት አለች። በዚያች ደሴት ላይ ኦኪርኬቢ በሚባል ትንሽ ከተማ ባለው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በ1200 ገደማ የተሠራ የመጠመቂያ ድንጋይ ይገኛል። ድንጋዩ ከጎትላንድ ደሴት በመርከብ የመጣ የአሸዋ ድንጋይ ነው። ዙሪያውን በዐሥራ አንድ ቅስቶች የተከፈለ ሲሆን፥ በእያንዳንዱ ቅስት ሥር ከጌታ ሕይወት አንድ ታሪክ ተቀርጾበታል። ገብርኤል ለማርያም ሲያበሥር ይታያል፤ ልደቱ ይታያል፤ ሦስቱ ነገሥታት በፈረስ ሲመለሱ ይታያሉ። ከቅስቶቹ በላይ ደግሞ ሩን በሚባለው በጥንታዊ ፊደላቸው እያንዳንዱ ሥዕል ምን እንደ ሆነ ተጽፏል። የመጨረሻው ጽሑፍ የሠራውን ሰው ስም ይናገራል፤ መምህር ሲግራፍ ይላል።

ይህ ሁሉ ሥራ የተሠራው ማንበብ ለማይችሉ ገበሬዎችና ዓሣ አጥማጆች ነበር። ልጁን ይዞ የሚመጣው አባት ድንጋዩን እየዞረ በዓይኑ ወንጌልን ያነብ ነበር። ስለዚህም ድንጋዩ ወደ ላይ መቆም ነበረበት። በሁሉም ጎን እንዲታይ፥ ካህኑም ሳያጎነብስ ሕፃኑን እንዲያነሣ፥ ከመሬት ከፍ ብሎ በምሰሶ ላይ ተቀመጠ።

ክዳኑስ? የክዳኑም ነገር ታሪክ አለው። በእንግሊዝ አገር በ1236 የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ኤድመንድ የመጠመቂያ ድንጋዮች ሁሉ ተከድነው እንዲቆለፉ አዘዘ። ምክንያቱም የተባረከው ውሃ ለብዙ ጊዜ በድንጋዩ ውስጥ ይቀመጥ ስለ ነበረ፥ ሰዎች እየሰረቁ ለአስማት ያውሉታል ተብሎ ስለ ተፈራ ነው። ዛሬም በብዙ የእንግሊዝ ገጠር ቤተ ክርስቲያናት የመጠመቂያው ድንጋይ አፍ ላይ የዚያ የቁልፍ ብረት ስብራት ይታያል።

አያቴ ከገጠር መጥተው ወደ ሚሲዮኑ ጸሎት ቤት አንድ ጊዜ ይዣቸው ገብቼ ነበር። እርሳቸው የተዋሕዶ ሃይማኖት ተከታይ ስለ ሆኑ ብዙም አልተመቻቸውም፤ ሆኖም ለእኔ ሲሉ ገቡ። ድንጋዩን አይተው «ልጄ፥ ይህ ምንድን ነው?» አሉኝ። «የክርስትና ውሃ የሚቀመጥበት ነው» አልኳቸው። ክዳኑንና ቁልፉን በጣታቸው ነካ ነካ አድርገው «ታዲያ ውሃው ምን አጥፍቶ ነው ያሠሩት?» አሉኝ። ያን ጊዜ ሳቅሁ። በእርሳቸው አጥቢያ ለእያንዳንዱ ሕፃን ውሃው በዚያው ቀን ይቀዳል፤ ካህኑ ይጸልዩበታል፤ ልጁ ከተጠመቀ በኋላ እግር በማይረግጠው ንጹሕ ቦታ ይፈስሳል። ለነገው የሚቀር የለም። «ውሃ የሚያምረው ሲወርድ ነው» ብለው ወጡ።

ኋላ ሳስበው ግን የጥያቄዬ መልስ የጀመረው ከዚያ ከአያቴ ቃል መሆኑ ገባኝ። እኔ ስፈልግ የነበረው ቆሞ የሚታይና የሚቆለፍ ድንጋይ ነበር። ከዚያ ወዲያ በትምህርት ቤታችን መጻሕፍት ቤት ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ፥ የአገራችን ምጥማቅ ወደ ታች እንደሚፈለግ ተረዳሁ።

ከጥንቱ እንጀምር። በምጽዋ አጠገብ የነበረችው የአክሱም ወደብ አዱሊስ፥ እንዲሁም በደጋው ላይ ያለችው መጠራ፥ ሁለቱም ዛሬ በኤርትራ ምድር ውስጥ ናቸው። በአዱሊስ በ1907 ፓሪቤኒ የሚባል የኢጣልያ ሊቅ ሲቈፍር መጠመቂያ ያለው የጥንት ቤተ ክርስቲያን አገኘ። በመጠራም ከ1959 ጀምሮ ፍራንሲስ አንፍሬ የተባለው ፈረንሳዊ ለኢትዮጵያ የአርኬዎሎጂ መሥሪያ ቤት ሲቈፍር ሌላ መጠመቂያ ተገለጠ። ይህም ወደ መሬት የወረደ፥ ደረጃ ያለው ገንዳ ነው፤ ውሃውም የሚመጣው ከሸክላ በተሠራ ቦይ ነበር።

ደረጃው ለምን አስፈለገ? እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ዛሬ ወንድ ልጅ በአርባ ቀኑ፥ ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ትነሣለች። ለአርባ ቀን ሕፃን ደረጃ አያስፈልገውም፤ አንድ ገበቴ ይበቃዋል። በአክሱም ዘመን ግን አገሩ አዲስ አማኝ ነበረ። የሚጠመቀው ባለ ርስቱ፥ ነጋዴው፥ ወታደሩ፥ ባልቴቷ ነበሩ። ትልቅ ሰው በእግሩ ወርዶ፥ ውሃው ውስጥ ገብቶ፥ በእግሩ መውጣት ነበረበት። በአውሮጳም ቢሆን በመጀመሪያው ዘመን እንዲሁ ነበር፤ በሮም ከተማ በላተራን ያለው ጥንታዊ መጠመቂያ ወደ ታች የሚወረድበት ነው። ሁሉም ሰው በሕፃንነቱ መጠመቅ ሲጀምር ግን ገንዳው እያነሰ፥ ድንጋዩም ከመሬት እየተነሣ ሄደና ወደ ሲግራፍ ዐይነቱ ሥራ ደረሰ። ስለዚህ ድንጋዩን አይቶ የአንድ አገር ሕዝብ ለክርስትና አዲስ ነው ወይስ የቆየ ነው ብሎ መገመት ይቻላል። እኔ ከሒሳብ ይልቅ ታሪክን የምወደው እንዲህ ያለውን ነገር ስለሚያሳየኝ ነው።

በአገራችን ግን ሕፃናት መጠመቅ ከጀመሩ ከብዙ ዘመን በኋላም ምጥማቁ ከመሬት አልተነሣም። ይህን የሚያስረዳው ላሊበላ ነው።

የላሊበላን ዐሥራ አንድ ቤተ ክርስቲያናት ያላወቀ በመካከላችን የለም። ትውፊቱ በ12ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ13ኛው መጀመሪያ በነገሠው በቅዱስ ላሊበላ ስም ይጠራቸዋል። ይህም ሲግራፍ በሰሜን አውሮጳ መዶሻውን ይዞ በነበረበት ዘመን መሆኑ ነው። አንዱ በሰሜን፥ ሌሎቹ በላስታ ተራራ ላይ፥ ሳይተዋወቁ በአንድ ጊዜ ድንጋይ ይጠርቡ ነበር። ሲግራፍ ድንጋዩን ቈርጦ አወጣና አቆመው። የላስታው ጠራቢ ደግሞ ተራራውን በቦታው እንዳለ ትቶ ዙሪያውን እየቈፈረ ወረደ። በቤተ ማርያም ግቢ ውስጥ ከአለቱ የተፈለፈለ ጥልቅ የመጠመቂያ ገንዳ አለ። ውሃው አረንጓዴ ሽበት ለብሶ ከሩቅ ሲያዩት ሣር ይመስላል። ልጅ ያልወለዱ ሴቶች በገና በዓል በገመድ ታስረው ወደዚያ ውሃ ይወርዳሉ፤ ይህ ልማድ እስካሁን አለ። በቤተ ጊዮርጊስ ግቢም እንዲሁ የተፈለፈለ ገንዳ አለ። በሁለቱ የቤተ ክርስቲያናት ክፍሎች መካከል ያለው ቦይ ደግሞ ዮርዳኖስ ተብሎ ተሰይሟል፤ በውስጡም ከአለቱ ያልተለየ የድንጋይ መስቀል ቆሞ የጌታን መጠመቅ ያስታውሳል።

እንግዲህ በእነዚህ ገንዳዎች ላይ ዐሥራ አንድ ሥዕል የለም፤ ጽሑፍም የለም፤ የጠራቢው ስምም አልተጻፈም። ሲግራፍ ስሙን በድንጋዩ ላይ ጻፈ። በእኛ አገር ቀን ሰው የጠረበውን ሌሊት መላእክት እጥፍ አድርገው ይጠርቡ ነበር ተባለ፤ ስሙም ለመላእክት ተሰጠ። ከሁለቱ የትኛው ይሻላል ብላችሁ ብትጠይቁኝ፥ እኔ የጠራቢው ስም ቢተርፍልን እወድ ነበር።

ምጥማቁ ትልቅ ሆኖ ወደ ታች እንደ ወረደ የቀረበትም ምክንያት ከባድ አይደለም። ቤተ ክርስቲያናችን ሁለት ነገር ታደርጋለች። አንደኛው ሰው በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ የሚነሣው ክርስትና ነው። ሁለተኛው በየዓመቱ ጥር 11 ቀን የጌታን በዮርዳኖስ መጠመቅ የምታስብበት የጥምቀት በዓል ነው። ለመጀመሪያው ገበቴ ይበቃል። ለሁለተኛው ግን አገር ሁሉ የሚከበው ውሃ ያስፈልጋል። ይህ በዓል ባይኖር ኖሮ የእኛም ድንጋይ እንደ አውሮጳው ትንሽ ሆኖ በበሩ አጠገብ ይቆም ነበር ብዬ አስባለሁ። በዓሉ በ2019 በተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፥ የሳይንስና የባህል ድርጅት የዓለም ቅርስ ሆኖ ሲመዘገብ ብዙ ሰው የተደሰተው በዝማሬውና በልብሱ ነው። እኔ ደግሞ ውሃው የሚቀመጥበትን ጉድጓድም አስቤ ተደሰትኩ።

አለት በሌለበትስ? ለዚህ ጥሩ ምስክር አለን። ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የተባለው ፖርቱጋላዊ ቄስ ከ1520 እስከ 1526 በአገራችን ኖሯል፤ መጽሐፉም በ1540 በሊዝቦን ታትሟል። ላሊበላን አይቶ የጻፈው እርሱ ነው፤ ሰው አያምነኝም ብሎ ፈርቶ እውነት መሆኑን በመሐላ አረጋገጠ። ይኸው ሰው በጥር 1521 የዐፄ ልብነ ድንግልን የጥምቀት በዓል አየ። ገንዳው መሬት ተቈፍሮ በቀጥታ መስመር የተሠራ ነበር። ጎኑና ወለሉ በሳንቃ ተለብጧል፤ በሳንቃው ላይ በሰም የተነከረ ወፍራም የጥጥ ጨርቅ ተነጥፏል። ውሃው ከወንዝ በቦይ እየመጣ፥ በቦዩ ጫፍ ላይ በታሰረ የጨርቅ ከረጢት እየተጣራ ይወርድበት ነበር። ደረጃም ነበረው። የንጉሡ መምህር የነበሩ አንድ ሽማግሌ ቄስ በዚያ በጥር ብርድ፥ በሌሊት፥ ራቁታቸውን እስከ ትከሻቸው ድረስ ውሃው ውስጥ ቆመው የሚወርደውን ሰው ሁሉ ያጠምቁ ነበር። መጀመሪያ የወረደው ንጉሡ ነው።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ ይህን ባነበብኩ ጊዜ የመጠራው ገንዳ ትዝ አለኝ። ደረጃ፥ ቦይ፥ ወደ መሬት የወረደ ጉድጓድ፤ ሁሉም ያው ነው። በመካከላቸው ወደ አንድ ሺሕ ዓመት የሚጠጋ ጊዜ አለ። አልቫሬዝ የሚያየው ነገር በየዓመቱ የሚደገም ክርስትና መስሎት ከንጉሡ ጋር ተከራክሯል፤ ሠራተኞቹ ገንዳውን እንዴት እንደ ሠሩት ግን አንድ በአንድ ስለ ጻፈልን ክርክሩን ይቅር ልንለው ይገባል። በ17ኛው ክፍለ ዘመን በጎንደር የተሠራውና በዐፄ ፋሲል ስም የሚጠራው መዋኛም፥ በዓመት አንድ ጊዜ ከቃሃ ወንዝ በቦይ ውሃ እየተሞላ ጥምቀት የሚከበርበት፥ የዚሁ ወገን ነው።

አሁን ወደ ሸዋ ልመለስ። ብዙ ሰው የመካከለኛውን ዘመን ታሪክ ሲያስብ ዓይኑ ወደ ሰሜን ብቻ ይሄዳል። ነገር ግን በኢትዮጵያ ውስጥ ስሙን ከመጠመቂያ ያገኘው ስመ ጥር ደብር የቆመው በሸዋ ነው። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በነገሠ ጊዜ በግብፅ ምጥማቅ የምትባለው የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን መፍረሷን የሚነግር ደብዳቤ ከእስክንድርያው ፓትርያርክ ደረሰው። ንጉሡ አዘነ፤ በ1440ዎቹም ዓመታት በተጉለት ቤተ ክርስቲያን አሠርቶ ደብረ ምጥማቅ ብሎ ሰየማት። በ1450 ገደማ ስለ ቀዳሚት ሰንበት አከባበር የነበረው ብርቱ ክርክር በጉባኤ የተፈታው በዚችው በደብረ ምጥማቅ ነው። ግንቦት 21 ቀን እናቶቻችን ደብረ ምጥማቅ ነው ብለው ሲያከብሩ፥ የሚጠሩት ስም በግብፅ የፈረሰውንና በሸዋ የቆመውን መጠመቂያ ነው። የበዓሉን ስም ከልጅነቴ ጀምሮ እሰማው ነበር፤ የቃሉን ፍቺ የተረዳሁት ግን ይህን ንግግር ስዘጋጅ ነው።

ወደ እኛ ይበልጥ ስንቀርብ ደግሞ አዳዲ ማርያም አለች። ከመልካ ቁንጥሬ ብዙም አትርቅም፤ ዛሬ በደቡብ ምዕራብ ሸዋ በኩል ናት። እንደ ላሊበላዎቹ ከላይ ወደ ታች ተፈልፍላ የወጣች ናት፤ ትውፊቱም ለዚያው ለቅዱስ ላሊበላ ይሰጣታል። በሩቅ ያለ ሰው ሜዳውን እንጂ ቤተ ክርስቲያኗን አያይም። በ16ኛው ክፍለ ዘመን በግራኝ አሕመድ ጦርነት ጊዜ አገልግሎቷ ተቋረጠና ተረሳች። አፈር ሞላባት፤ ሣር በቀለባት። እንደገና የታወቀችው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። በ1990ዎቹ ደግሞ በስዊዘርላንድ እርዳታ ተጠገነች፤ ዛሬም ይቀደስባታል።

እኔ በአዳዲ ታሪክ ውስጥ የሚያስጨንቀኝ ነገር ይህ ነው። ወደ ታች የተፈለፈለ ነገር ሌባ አይሰርቀውም። ከዱራ ከተማ፥ ከሶርያ ምድረ በዳ፥ በ3ኛው ክፍለ ዘመን የተሣሉት የመጠመቂያ ቤት የግድግዳ ሥዕሎች ተነቅለው ዛሬ በአሜሪካ በዬል ዩኒቨርሲቲ ይገኛሉ። የቤተ ማርያምን ገንዳ ግን ማንም በመርከብ አይጭነውም፤ ከተራራው ጋር የተያያዘ ነውና። ሆኖም የተቀረጸ ምሰሶ ሲወድቅ ሰው ያየዋል፤ ጉድጓድ ሲሞላ ማንም አያየውም። አንድ ሙሉ ቤተ ክርስቲያን ሦስት መቶ ዓመት ያህል ከአገሩ ሰው ልብ ከጠፋ፥ አንድ ገንዳማ እንዴት አይጠፋ! ሁለት ክረምት ጎርፍ ከገባበት የሣር ሜዳ ነው። ከዚያም መንገድ ይወጣበታል፤ ወይም ለአጥር ድንጋይ ይለቀምበታል።

አምቦ ደግሞ ለዚህ ነገር ባዕድ አይደለችም። ከተማችንን ሌላው አገር የሚያውቃት በሁለት ነገር ነው፤ በውሃዋና በድንጋይዋ። ውሃዋ ከምድር ሆድ እየፈላ የሚወጣ ነው፤ በጠርሙስ መሸጥ የጀመረው በ1930 ነው። ከዚያ በፊት ግን ጠርሙስ የማያውቀው ከብት አርቢ ከብቶቹን ወደ ሆራ ያወርድ ነበር፤ ዛሬም በአካባቢያችን ሆራ ያለበት ቦታ በክብር ይጠበቃል። ድንጋይዋም በሰንቀሌና በአካባቢው የሚወጣው የአሸዋ ድንጋይ ነው። በአዲስ አበባ የስንቱ ቤት ግድግዳ በአምቦ ድንጋይ የተሠራ እንደ ሆነ ወላጆቻችን ያውቃሉ። ሲግራፍ የጠረበውም የአሸዋ ድንጋይ ነበር። ከእኛ መካከል አባቶቻቸው ድንጋይ ጠራቢ የሆኑ ተማሪዎች አሉ። እነርሱ መሮ በድንጋይ ላይ ምን ዐይነት ምልክት እንደሚተው፥ የሰው እጅ የፈለፈለውን ጉድጓድና ውሃ የቦረቦረውን ጉድጓድ በዓይን ብቻ መለየት ይችላሉ። ይህ ዕውቀት በዩኒቨርሲቲ ብዙ ዓመት የሚፈጅ ትምህርት ነው፤ እነርሱ ግን በቤታቸው አግኝተውታል። ጓደኞቼ ስለ አባታቸው ሥራ ሲጠየቁ ራሳቸውን ዝቅ ሲያደርጉ አይቼ አዝኜ ስለማውቅ ነው ይህን በሕዝብ ፊት የምናገረው።

ይህን ሐሳብ በክፍላችን ካወያየሁ በኋላ ዐሥራ ሁለት ተማሪዎች አንድ ሥራ ጀምረናል። በመጻሕፍት ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ሰማያዊ ሽፋን ያለው ደብተር አስቀምጠናል። በየአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ወይም አጠገብ የቆየ የተፈለፈለ ድንጋይ፥ ጥንታዊ ገንዳ፥ የጥምቀተ ባሕር ቦታ የሚያውቅ ሁሉ እንዲነግረን እንለምናለን። ከጊንጪ፥ ከጉደር፥ ከአዲስ ዓለም፥ ከወንጪ በኩል የመጣችሁ ወላጆች ከእኛ ይልቅ ታውቃላችሁ። የምንጽፈው አራት ነገር ነው። ቦታው የት ነው? ስፋቱና ጥልቀቱ በክንድ ስንት ነው? ደረጃ አለው ወይ? ውሃው ከየት ይመጣበት ነበር? ለአዛውንቶች ደግሞ አምስተኛ ጥያቄ አለን፤ ቦታውን ማን ብሎ ይጠራው ነበር? ስሙን አማርኛም ይሁን ኦሮምኛ እንደ ሰማነው እንጽፋለን፤ ድንጋይ ሲጠፋ ስም ብዙ ጊዜ ይቀራልና።

አንድ ነገር ግን አደራ እላለሁ። የሚያገኘው ተማሪ እንዳይቈፍር፥ በብረትም እንዳይፍቅ፥ በሳሙናም እንዳያጥብ። ቦታው የቤተ ክርስቲያን ስለ ሆነ አስቀድሞ አለቃውን ወይም ቄሰ ገበዙን ያስፈቅድ። እኔ ራሴ የሚሲዮን ተማሪ በመሆኔ አይቀበሉኝም ብዬ ፈርቼ ወደ አንድ አጥቢያ ሄጄ ነበር። ቄሰ ገበዙ ማን መሆኔን ከጠየቁኝ በኋላ ጠላ ቀድተው ሰጡኝና፥ ከቅጥሩ በስተምሥራቅ ካለው ዋርካ ሥር ይዘውኝ ሄዱ። እዚያ አፈር የሞላው፥ ጠርዙ ብቻ የሚታይ የድንጋይ አፍ አለ። በገመድ ለካሁት፤ ከአንዱ ጠርዝ እስከ ሌላው ሦስት ክንድ ከስንዝር ሆነ። «አባቴ ከዚህ ከብት እንዳይጠጣ ይከለክለኝ ነበር፤ ለምን እንደ ሆነ ግን አልነገረኝም» አሉኝ። በደብተራችን የመጀመሪያው ገጽ ላይ የተጻፈው ይህ ነው፤ ሁለተኛው ገጽ ገና ነጭ ነው።